ከኮንክሪቱ በፊት መሬቱ፦ በአትላንታ ቤልትላይን በእግር

በአሜሪካዋ አትላንታ ከሚድታውን የከተማ ባቡር (ማርታ) ጣቢያ ወጥቼ 10ኛውን መንገድ ይዤ ወደ ምሥራቅ አቀናሁ። ፒድሞንት ፓርክን በግራ አልፎ ሞንሮ ድራይቭ ጋ የቤልትላይን የምሥራቅ ክፍል የሆነው የእግርና የብስክሌት መንገድ፣ ኢስትሳይድ ትሬይል፣ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተ ነው። የኮንክሪቱ ስፋት 14 ጫማ፣ ማለትም 4.3 ሜትር ገደማ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት እንደ ልብ ያስኬዳል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን እግረኛው፣ ብስክሌቱ፣ ስኩተሩና የሕፃን ጋሪው ይጋፉበታል። ቀኝ መያዝ ግድ ነው።

መንገዱ ቀድሞ የባቡር ሐዲድ ነበር። በከተማዋ ዙሪያ ያሉትን አሮጌ ሐዲዶች አገናኝቶ የ22 ማይል (35 ኪ.ሜ.) ቀለበት የመሥራቱን ሐሳብ ያመጣው ራያን ግራቬል ሲሆን፣ ያቀረበውም በ1999 በጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። ሐዲድ መንቀልና ኮንክሪት ማፍሰስ ቀላሉ ሥራ ነው። የአሮጌ ሐዲድ አፈር የእንጨቱ ማከሚያ ኬሚካልና የአረም መድኃኒት ርዝራዥ ስለማያጣው፣ ምርመራው ከቁፋሮ በፊት መደረግ፣ የማስወገጃ ወጪውም በጀት ውስጥ መግባት አለበት። ከባዱ መሬቱን እጅ ማስገባት ነው። ከተማው ገና ስለ ሐሳቡ ሲያወራ አንድ የሪል ስቴት ባለሀብት ይህንን የምሥራቁን መስመር ከባቡር ኩባንያው ቀድሞ ገዛው፤ በ2007 ለፕሮጀክቱ በ66 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው።

ፖንስ ሲቲ ማርኬት፣ የድሮው የሲርስ መደብር ሕንፃ፣ እዚህ መስመር ላይ ነው። ፕሮጀክቱ ገንዘብ የሚያገኝበት ዘዴ ግልጽ የሚሆነውም እዚህ ነው። በ2005 በቀለበቱ ዙሪያ ያለው ሰፈር ልዩ የግብር ክልል ሆነ። የዚያን ጊዜው የንብረት ግብር እንደ መነሻ ተይዞ፣ ከዚያ በላይ የሚጨምረው ለ25 ዓመት ለፕሮጀክቱ ይውላል፤ በጭማሪው ተስፋም ቦንድ ይሸጣል። ግንባታውን የሚመራ አንድ ድርጅት፣ ከግል ለጋሾች የሚሰበስብ ሌላ ድርጅት አለ። ለሁለት መከፈሉ ብልህነት ይመስለኛል፤ ለጋሽ ገንዘቡ ከማዘጋጃ ቤት ካዝና ጋር ሲቀላቀል ደስ አይለውም። በ2021 ውድረፍ ፋውንዴሽን የተባለ በጎ አድራጊ ተቋም ብቻውን 80 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል። በእኛ በኩል ሸገርን የማስዋቡ ሥራ በ2011 ዓ.ም. በአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የራት ገበታ ዘርግቶ ነበር፤ ያ አስቀድሞ የሚገባ ገንዘብ ነው፣ የአትላንታው ግን ገና ያልተሰበሰበ ግብር።

ጭማሪ ከሌለ ደግሞ ገንዘብ የለም። በ2008 የንብረት ዋጋ ወደቀ። በዚያው ዓመት የጆርጂያ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት የትምህርት ቤት ግብር ለዚህ መዋል አይችልም ብሎ ፈረደ፤ የግዛቱ ሕገ መንግሥት በሕዝብ ድምፅ እስኪሻሻል ድረስ ነገሩ ተንጠልጥሎ ቆየ። ከትምህርት ቤቶቹ ጋር የነበረው የክፍያ ጭቅጭቅም እስከ 2016 ዘልቋል። ጭማሪው ሲመጣ ደግሞ ተከራዩን ያፈናቅላል፦ ግራቬል ራሱ በ2016 ለተመጣጣኝ ቤቶች በቂ ትኩረት አልተሰጠም ብሎ ከለጋሾች ከሚሰበስበው ድርጅት ቦርድ ለቀቀ።

ከገበያው ማዶ ሂስቶሪክ ፎርዝ ዋርድ ፓርክ አለ። ኩሬው ለውበት ብቻ የተቆፈረ ይመስላል፤ ዋና ሥራው ግን የጎርፍ መያዣ ነው። የዙሪያው ግንብ ከውሃው እጅግ ከፍ ያለው፣ ዝናብ ሲጥል ኩሬው እንዲሞላ ነው። የጎርፍ በጀት መናፈሻ ሠራ ማለት ይቻላል።

ወደ ደቡብ ሲቀጥሉ መንገዱ ፕሮጀክቱ ያልገዛው የባቡር ኩባንያ ግቢ ገጥሞት ወደ ክሮግ ስትሪት ዋሻ ይታጠፋል። ዋሻው ውስጥ ከመኪና ጎን ነው የሚኬደው። ለመመለስ የሚቀርበው ባቡር ጣቢያ ኢንማን ፓርክ ነው።