ታጠቅ ደርሰን ስንመለስ

ባለፈው ቅዳሜ ከአክስቴ ጋር ወደ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሄድኩ። ከአስኮ ሚኒባስ ይዘን፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩን አለፍን። ድሮ ማሳ የነበረው ዛሬ ብሎኬትና ቆርቆሮ ሞልቶታል። አክስቴ ከመስኮቱ ዓይኗን አልነቀለችም።

ወንድሟ የሰንዳፋ ገጠር ልጅ ነው። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ከገበሬ ማኅበሩ ተመለመለ። ገና ሃያ አልሞላውም። ከእርፍና ከጅራፍ በቀር የጨበጠው ነገር አልነበረም። ታጠቅ አመጡት። ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰበው ገበሬ በጥቂት ወራት ሰልጥኖ ሚሊሺያ የሆነው እዚህ ነው።

አያቴ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ልትጠይቀው መጣች። አክስቴ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ናት፤ ተከትላታለች። በር ላይ አስጠሩት። ጸጉሩን ተላጭቶ፣ የደንብ ልብሱ ትከሻው ላይ ሰፍቶት ሲመጣ እናቱ መጀመሪያ አላወቀችውም። ቋጠሮውን ተቀበለ። ስለ ጦርነት ምንም አላነሣም። የጠየቀው ስለ ላሚቱ ነው። «ወለደች?» አለ።

ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። መስከረም 1970 ጅጅጋ ተያዘች። እሱም ወደ ምሥራቅ ዘመተ። የካቲት 26 ቀን ካራማራ ላይ ድል ሆነ፤ ሬዲዮው አበሰረ። ቤት ውስጥ «ይመጣል» ተብሎ ጠላ ተጠመቀ።

የመጣው መርዶ ነው። ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎች በር አንኳኩ። አስከሬን የለም፤ እዚያው ቀርቷል። ጋቢውንና ጅራፉን ግቢው መሃል ዘርግተው አለቀሱለት። የካራማራ በዓል በመጣ ቁጥር ልቤ በኩራት ይሞላል፣ ያቺ ጋቢ ግን ከዓይኔ አትጠፋም። ለኔ ካራማራ ማለት እሷ ናት።

ሰፈሩ አጠገብ ብዙ አልቆየንም። የወታደር ቦታ ስለሆነ ፎቶም አላነሣንም። አክስቴ ከአስፋልቱ ማዶ ቆማ ነጠላዋን አጣፋች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደምትል አልጠየቅኳትም።

ስንመለስ፣ ቡራዩ ልንደርስ ስንል፣ «ላሚቱ ግን ወልዳ ነበር?» አልኳት።

«ገና ነበረች» አለች። «እማዬ ልትነግረው አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። ‹ወልዳለች፣ ወንድ ነው፣ አድጎ ታርስበታለህ› አልኩት። ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሳቀ።»