ግፊቱ ሲለቀቅ

ዛሬ እሑድ ነው። ለቁርስ እንቁላል ልቀቅል ብዬ ውኃ ጣድሁና ምድጃው አጠገብ እንደ ቆምሁ ቀረሁ። ከዐርብ ማታ ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ምክንያቱ በሁለት አልማዞች መካከል ጨምቄ የያዝሁት የዱቄት ናሙና ነው፤ ከመስከረም ወዲህ ስለ እሱ ሳልጽፍላችሁ ያለፈ ሳምንት የለም። ዐርብ ማታ ግፊቱን ለቀቅሁት። አራቱን ቡሎኖች በየተራ በጥቂት በጥቂቱ እያላላሁ፣ ባላላሁ ቁጥር ከናሙናው ጎን በተቀመጠችው፣ ግፊቱን በምትነግረኝ የሩቢ ቅንጣት ላይ አረንጓዴ ሌዘር እያበራሁ፣ ከእሷ የሚወጣው ቀይ ብርሃን ምን ያህል ወደ ቀድሞ ቦታው እንደ ተመለሰ እየለካሁ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ተቀመጥሁ። በሁለቱ አልማዞች መካከል ያለችው ጉድጓድ ሁለት የፀጉር ዘለላ ጎን ለጎን ቢተኛባት የምትሞላ ናት። በዚያች ጉድጓድ ውስጥ፣ በ30 ጊጋፓስካል (የከባቢ አየር ግፊት 300,000 እጥፍ ገደማ በሆነ) ግፊት እንደ ከሰል ጠቁሮ የነበረው ዱቄት በመጀመሪያ ቡናማ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ ሆነ። ሩቢዋ ዜሮ ስትል በማይክሮስኮፑ የታየኝ ከስምንት ወር በፊት በመርፌ ጫፍ አንሥቼ ያስገባሁት ያው ብጫ ዱቄት ነበር።

ውኃው መፍላት ሲጀምር የአሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ የፐርሲ ብሪጅማን እንቁላል ትዝ አለኝ። ብሪጅማን እ.ኤ.አ. በ1914 የእንቁላል ነጩን ክፍል በግፊት መሣሪያው ውስጥ አስገብቶ፣ ያለ እሳት፣ በክፍሉ ሙቀት ብቻ ጨመቀው። ግፊቱ የከባቢ አየር ግፊት 7,000 እጥፍ ገደማ ሲደርስ ነጩ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ረጋ፤ ከመሣሪያው ሲወጣም እንደ ረጋ ቀረ። ዛሬ በብዙ አገር የፍራፍሬ ጭማቂ ሳይፈላ በግፊት ብቻ ከጀርም የሚጸዳው በዚህ ዓይነት ለውጥ ነው። እኔን ከምድጃው አጠገብ ያቆመኝ ግን ጭማቂው አይደለም፤ የእሱ እንቁላል አለመመለሱ፣ የእኔ ዱቄት መመለሱ ነው።

ይህን ሰው ሳስበው ሁልጊዜ የማስቀድመው ማሸጊያውን ነው። ብሪጅማን በ1900 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ገባ፤ እስከ 1954 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከዚያው አልወጣም። የግፊት ሥራውን በ1905 ሲጀምር በዓለም ላይ የነበሩት መሣሪያዎች 3,000 ገደማ ከባቢ አየር ላይ ሲደርሱ ይቆሙ ነበር። የሚያቆማቸው ማፍሰስ ነበር። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ፈሳሹ በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ይወጣል፤ የእኛ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉት ማሸጊያ ከውስጥ የሚመጣውን ኃይል መቋቋም ያቅተዋል። ብሪጅማን ማሸጊያውን ከውጭ ይበልጥ በማጥበቅ ፋንታ የሚያርፍበትን ስፋት ቀነሰው። ፈሳሹ የሚገፋው የፒስተኑን ራስ ሙሉ ስፋት ነው፤ ይህንን ሁሉ ኃይል የሚቀበለው ግን መካከሉ ባዶ ሆኖ በዙሪያው ብቻ የተቀመጠው ማሸጊያ ነው። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ ያለው ግፊት በማንኛውም ጊዜ ከፈሳሹ ግፊት ይበልጣል፤ ፈሳሹ ለመውጣት በታገለ ቁጥር መውጫውን ራሱ ይበልጥ ያጠብቀዋል ማለት ነው። ይህን ሥዕል መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደብተሬ ላይ ሦስት ጊዜ እየደጋገምሁ ሳልሁት። ከዚያ በኋላ ገደቡ ማፍሰሱ መሆኑ ቀረና የብረቱ ጥንካሬ ሆነ፤ የተሻለ ብረት፣ ኋላም ተንግስተን ካርባይድ የተባለው እጅግ ጠንካራ ቁስ ሲገኝ ብሪጅማን እስከ 100,000 ከባቢ አየር ድረስ ሄደ። ቶርኖ ላይ ቆሞ ዕቃውን በገዛ እጁ ይሠራ ነበር፤ ወደ 260 ከሚጠጉት የምርምር ጽሑፎቹም አብዛኞቹን ለብቻው ጻፋቸው። የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1946 ነው።

በዚያ መሣሪያ ውስጥ ያላስገባው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ብረታ ብረቱን፣ ጨዉን፣ አልኮሉን ሁሉ። እኔ ከሁሉም የምወደው ውኃውን ነው። ውኃ ወደ 10,000 ገደማ ከባቢ አየር ሲጨመቅ በክፍሉ ሙቀት በረዶ ይሆናል፤ ያውም እንደምናውቀው በረዶ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ሳይሆን የሚሰምጥ በረዶ። አምስተኛውንና ስድስተኛውን የበረዶ ዓይነት በ1912፣ ሰባተኛውን በ1937 አገኘ፤ ሰባተኛው ከፈላ ውኃ በላይ ሞቆ እንኳ በረዶ ሆኖ ይቆያል።

ይህን ባለፈው ዓመት ለእማዬ በስልክ ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠችኝና፣ «ታዲያ ዕቃው ሲከፈት ምን ይሆናል?» አለችኝ።

«ውኃ ይሆናል።»

«እንግዲያው ድሮም ውኃ ነበረ፤ ተይዞ ነው እንጂ፣ ልጄ።»

መልስ አልሰጠኋትም። ብሪጅማን ግን መልስ የሚኖረው ይመስለኛል። በ1927 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የአንድ ጽንሰ ሐሳብ ትርጉም እሱን ለመለካት ከምንፈጽማቸው ተግባራት የተለየ እንዳልሆነ ተከራክሯል። ርዝመት ማለት ርዝመትን የምንለካበት ሥራ ነው። በዚህ አነጋገር በ30 ጊጋፓስካል የለካሁት ጥቁር ነገር በ30 ጊጋፓስካል በእርግጥ ጥቁር ነበር፤ ዐርብ ማታ ብጫ መሆኑ ያንን ልኬት አይሽረውም። ይህን በአእምሮዬ እቀበላለሁ። ሆኖም በእጅ የሚያዝ ነገር ለማውጣት ስምንት ወር ለደከመ ሰው የእማዬ አባባል ይበልጥ ይቀርበዋል።

ብሪጅማን ራሱ ሁለቱንም፣ የሚመለሰውንም የማይመለሰውንም፣ አይቷል። በዚያው በ1914 ነጩን ፎስፈረስ በ200 ዲግሪ ሙቀት ሲጨምቅ ቀይ ይሆናል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ያገኘው ማንም አይቶት የማያውቅ ጥቁር ፎስፈረስ ነው። ግፊቱ ከተለቀቀ በኋላም ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ መቶ ዓመት ቆይቶም የኤሌክትሮኒክስ ተመራማሪዎች እንደ አዲስ ተሻሙበት። ግራፋይትን፣ ማለትም የእርሳስ ውስጥ ጥቁሩን ካርቦን፣ ወደ አልማዝ ለመለወጥ ግን ደጋግሞ ሞክሮ አልሆነለትም። ግፊቱ ብቻውን አልበቃም፤ ብርቱ ሙቀትና ካርቦኑን የሚያሟሟ የቀለጠ ብረት ያስፈልግ ነበር። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ተመራማሪዎች አልማዝ የሠሩት በታኅሣሥ 1954 ነው፤ እሱ ጡረታ በወጣበት ዓመት። አልማዝም ቢሆን በእኛ የአየር ግፊት ሥር ግራፋይት ሊሆን የሚገባው ነገር ነው፤ የመመለሻው መንገድ እጅግ ከባድ ስለሆነበት ብቻ አልማዝ ሆኖ ቆይቷል። ናሙናዬን ሲጨምቁ የከረሙት ሁለቱ ድንጋዮችም እንደዚያው ናቸው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የብሪጅማን ስም ነገር ነው። ከ660 ኪሎ ሜትር እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለው የመሬት ጥልቀት ውስጥ አብዛኛውን ቦታ የያዘው ማዕድን የመላዋን መሬት ይዘት 38 በመቶ ያህል ይሸፍናል፤ ከእሱ የሚበዛ ማዕድን በመሬት የለም። ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በላቦራቶሪ ሲሠሩት ቆይተዋል፤ ነገር ግን ማዕድን ስም የሚያገኘው የተፈጥሮው ናሙና ተገኝቶ ሲመረመር ነውና እስከ 2014 ድረስ ስም አልነበረውም። የተገኘው በ1879 አውስትራሊያ ውስጥ በወደቀ የሰማይ ድንጋይ ነው። ሁለት አካላት ሕዋ ላይ ሲጋጩ ድንጋዩ በቅጽበት ተጨመቀ፤ ወዲያው ስለቀዘቀዘም ማዕድኑ ለመመለስ ጊዜ አጣና እንደ ሆነ ቀረ። ብሪጅማናይት ተባለ። ብሪጅማን ያረፈው በ1961 ነው። ሕመሙ በጸናበት በዚያ በጋ ጽሑፎቹን በሰባት ቅጽ ለሚያሳትሙለት ማውጫውን ሲያዘጋጅ ነበር። ከእግሩ በታች ያለው ምድር በስሙ እንደሚጠራ ሳያውቅ፣ የትኛው ልኬት በየትኛው ገጽ እንዳለ በቅደም ተከተል ጽፎ ጨረሰ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

ለእማዬ ያልነገርኋት አንድ ነገር አለ። በ2018 ተመራማሪዎች ከጥልቅ ምድር በወጡ የተፈጥሮ አልማዞች ውስጥ ሰባተኛውን በረዶ አገኙ። አልማዙ በጥልቁ ሳለ ውኃውን በሆዱ ይዞ ወጣ፤ ግትር ስለሆነም ግፊቱን ሳይለቅ እዚህ ድረስ አደረሰው። ተይዞ ነው እንጂ ትል ይሆናል። አዎ፣ ተይዞ ነው፤ ግን ከእሷም ከእኔም ዕድሜ እጅግ ለሚበልጥ ዘመን።

ሁለተኛው መሣሪያዬ ከመሳቢያው ውስጥ ነው። ቡሎኖቹ እንደ ጠበቁ ናቸው፤ ዱቄቱም ውስጡ ጥቁር ነው፤ ሐሙስ ዕለት በማይክሮስኮፕ አይቼዋለሁ። ይህኛውን እንደ ፎስፈረሱ በጨመቅሁበት አሙቄ በቀስታ ባቀዘቅዘው ምናልባት ጥቁር ሆኖ ይወጣልኝ ይሆናል፤ ሙቀቱ አልማዙን ከሰነጠቀው ደግሞ ያለኝን ብቸኛ ጥቁር ናሙና አጣለሁ። ወይም ሳልነካው እንደ ተጨመቀ ትቼው፣ በየሳምንቱ እየለካሁ፣ ያለው ነገር ይኸው ነው ብዬ ልጻፍ? ነገ ጠዋት መሳቢያውን ስከፍት የትኛውን እንደማደርግ አላውቅም።