በ20 ደቂቃ ያለቀ ቫንኮማይሲን

ታካሚዋ ደሟ ውስጥ ሜቲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ የተላመደ ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ተገኝቶ ቫንኮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ታዘዘላት። የመጀመሪያው 1 ግራም 100 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) ውስጥ ተጨምሮ ተሰቀለ፤ የቱቦው መቆጣጠሪያም እንደ ተራ ግሉኮስ ተከፍቶ ተተወ። በ20 ደቂቃ አለቀ። ወደ መጨረሻው ላይ ፊቷና አንገቷ ቀላ፣ ደረቷን አሳከካት፣ የላይኛው የደም ግፊቷ ከ120 ወደ 85 ወረደ። ፀረ ሂስታሚን (መቅላትና ማሳከክ የሚያመጣውን ሂስታሚን የተባለ የሰውነት ኬሚካል የሚገታ መድኃኒት) እና ፈሳሽ ተሰጥቷት ተረጋጋች። ቻርቷ ላይ ግን በቀይ «የቫንኮማይሲን አለርጂ» ተብሎ ተጻፈ።

በማግስቱ ራውንድ ላይ ፋርማሲስቱ «ሲስተር፣ በስንት ደቂቃ ነው የገባላት?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ጽሑፉን ማንም አልተጠራጠረውም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ አንዴ ከተጻፈ ታካሚዋን ዕድሜ ልኳን ይከተላታል፤ ለዚህ ባክቴሪያ ያሉት መድኃኒቶች ደግሞ ጥቂት ናቸው።

ቫንኮማይሲን በፍጥነት ሲገባ ሂስታሚን የያዙትን የሰውነት ሴሎች በቀጥታ ይቀሰቅሳል። ከአለርጂ በተለየ ለዚህ ሰውነት መድኃኒቱን ቀድሞ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዶዝም ይመጣል። ጣሪያው በደቂቃ 10 ሚሊ ግራም ነው፣ ዶዙ ቢያንስም ከ60 ደቂቃ አያጥርም። 500 ሚሊ ግራም 60 ደቂቃ፣ 1 ግራም 100 ደቂቃ፣ 1.5 ግራም 150 ደቂቃ ይፈልጋል ማለት ነው። ለታካሚዋ በደቂቃ 50 ሚሊ ግራም ነው የገባላት። ውህዱም ወፍራም ነበር፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የ1 ግራሙ ብልቃጥ በ20 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ ይሟሟል። ከ250 ሚሊ ሊትር ሳላይን ላይ 20 ሚሊ ሊትር ተስቦ ይጣልና መድኃኒቱ በቦታው ይገባል። ቱቦው በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ በደቂቃ 50 ጠብታ ይሆናል፤ 15 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ 37 ገደማ። ቁጥሩ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፣ በግምት አይሠራም። ጠብታው ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር፤ ታካሚው ክንዱን ባጠፈና በዘረጋ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይቆጠር። ሞርፊንም ሂስታሚን ስለሚያስለቅቅ ሰዓታቸው ባይገናኝ ይመረጣል።

መቅላትና ማሳከክ ብቻ ከሆነ መድኃኒቱን ማቆም፣ ፀረ ሂስታሚን መስጠት፣ ሲረጋጋ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሶ መቀጠል ይቻላል። ትንፋሹ ሲር ሲር ካለ፣ ምላሱ ወይም ጉሮሮው ካበጠ፣ ወይም ግፊቱ ወርዶ ከእውነተኛ አለርጂ መለየት ካስቸገረ ግን ክርክር አያስፈልግም፦ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም አድሬናሊን በጭኑ ጎን ጡንቻ ላይ ወዲያው ይወጋል።

የታካሚዋ ቻርት ታረመ፦ «1 ግራም በ20 ደቂቃ ሲሰጥ መቅላት፣ ማሳከክ፣ የግፊት መውረድ፤ ከፍጥነት ጋር የተያያዘ፤ አለርጂ አይደለም።» ፀረ ሂስታሚን ቀድሞ ተሰጥቷት ቀጣዩ ዶዝ 2 ሰዓት ፈጅቶ ገባላት፤ ቆዳዋም ግፊቷም አልተለወጠም። ሌላ አንቲባዮቲክ በዚያው መስመር የሚሰጣት ከሆነ መሃል ላይ በሳላይን እንዲታጠብ፣ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የገባው ቀጭን ቱቦ) ያለበት ቦታ ካበጠ ወይም ካቃጠላት ወዲያው እንዲቆም ተጻፈ፤ ቫንኮማይሲን ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ይገድላል፣ በጡንቻ የማይወጋውም ለዚሁ ነው።