ፍላፕ የማንሳት ልምምዴ፦ ሦስተኛው ወር

ለሙያ ጓደኞቼ፣ ባለፈው የጻፍሁላችሁ ስለ ደም ስር መስፋት ነበር። በዚህ ወር የያዝሁት ከዚያ የሚቀድመውን ሥራ፣ ፍላፑን፣ ማለትም ከነደም ስሩ ተነሥቶ ሌላ ቦታ የሚተከለውን ቆዳ ወይም ሥጋ፣ ከቦታው ማንሳትን ነው።

ለዚህ ያነሣሣኝ በረዳትነት በገባሁባቸው ሁለት ቀዶ ሕክምናዎች ያየሁት ልዩነት ነው። ሁለቱም ሐኪሞች የክንድ ቆዳን በአውራ ጣት በኩል ከሚወርደው ከራዲያል ደም ቅዳው ጋር አንሥተው አፍ ውስጥ ሊተክሉ ነበር። ሁለቱም በአለን ምርመራ፣ ማለትም የእጅ አንጓውን ደም ቅዳዎች ተጭኖ በመልቀቅ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው አልናር ደም ቅዳ ብቻውን እጁን እንደሚመግብ አረጋግጠዋል። እስከዚህ አንድ ናቸው። አንደኛው ግን ምላጩን ፋሺያውን፣ ከቆዳው ሥር ጡንቻና ጅማቱን የሚሸፍነውን ልባስ፣ አሳልፈው ቆዳውን ከነፋሺያው አነሡ። ሁለተኛዋ ከፋሺያው በላይ ሄደው፣ በብራኪዮራዲያሊስና በፍሌክሰር ካርፒ ራዲያሊስ ጅማቶች መካከል ደም ቅዳው የተኛበት ጋ ሲደርሱ ብቻ ወደ ውስጥ ገቡ።

ሁለቱንም ምክንያታቸውን ጠየቅኋቸው። አንደኛው፣ ከፋሺያው ሥር ያለው መንገድ ግልጽ ነው፤ ወደ ቆዳው የሚወጡት ቀጫጭን ደም ስሮችም ይጠበቃሉ አሉኝ። ሁለተኛዋ ምንም ሳይናገሩ ክንዱን አሳዩኝ። ጅማቶቹ በፋሺያው እንደተሸፈኑ ነበሩ። ፋሺያው ሲነሣ ጅማቶቹን የሚሸፍናቸው ስሱ ልባስ፣ ፓራቴኖን፣ ብቻ ነው። እርሱም ከተገፈፈ የተገፈፈውን ክንድ ለመሸፈን ከጭን ተልጦ የሚለጠፈው ቆዳ አይይዝም። ታካሚው መረብ ጎታች ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ነገ ጣና ላይ የሚወጣው በዚያው ክንድ ነው።

እናቴና አክስቴ ዶሮ ሲበልቱ አንዷ ከጭኑ፣ ሌላዋ ከክንፉ ይጀምራሉ፤ ድስት የሚገባው ግን ያው 12 ብልት ነው። የፍላፕን ልዩነትም እንዲሁ የእጅ ልማድ አድርጌ እቆጥረው ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ለዶሮው የሚቀር ነገር የለም፤ ለታካሚው ግን ክንዱ ይቀርለታል።

ስለዚህ ከቅዳሜ ገበያ ዶሮ እየገዛሁ ጭኑ ላይ ሁለቱንም መንገድ እሞክራለሁ። ከጡንቻው በላይ ያለችው ልባስ፣ ፋሺያዋ፣ እንደ ሽንኩርት ገለፈት ስስ ናት። ቆዳውን ወደ ላይ ስስብ አብራ ትነሣለች፤ ምላጩን ወደ ቆዳው ጋደል ሳደርገው ግን ትቀራለች። ይህን ለማወቅ ስድስት ጭን ፈጅቶብኛል። ከነርቩ ጎን ያለውን ደም ቅዳ ሳነሣ ደግሞ ቅርንጫፎቹን በመሳብ እበጥሳቸው ነበር። አሁን ደም ቅዳውን ራሱን አልነካም፤ በዙሪያው ያለውን ልባስ ይዤ ቅርንጫፉን ትንሽ ራቅ አድርጌ በክር አስረዋለሁ።

ትናንት አሥራ አንደኛውን ጭን ከልባሱ በላይ አነሣሁ። ጉልበቱ አጠገብ የጣት ጥፍር የምታህል ቀዳዳ ወጣች፤ ሌላው ሁሉ ሙሉ ነው። ቅዳሜ ከዚያችው ከጉልበቱ በኩል እጀምራለሁ።