«አንቺስ?»

የእመቤቴን ውለታ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ለአንዲት አራስ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ቤቱ በጠያቂ ሞላ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሉኝ «አሜን» እላለሁ። ገንፎው ይቀርባል፣ አጥሚቱ ይቀርባል፣ እኔን አፈር አፈር ይለኛል።

መጀመሪያ የሄደው እንቅልፍ ነው። ልጅቷ ተኝታ እንኳ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይኔ ፍጥጥ ይላል። ስታለቅስ አጠባታለሁ፤ ግን የጎረቤት ልጅ የያዝኩ ያህል ነው። አንድ ቀን እናቴ ቡና ቆልታ ጭሱን አፍንጫዬ ድረስ አመጣችልኝ። ምንም አልሸተተኝም። እኔ እኮ ቡና ከሦስት ቤት በላይ ሲቆላ የማውቅ ሰው ነኝ! በሆዴ «ይቺ ልጅ ሌላ እናት ብታገኝ ይሻላት ነበር» ማለት ጀመርኩ። ይሄ ለማን ይነገራል?

አንዷ አክስቴ «ምች ነው» አለች። ሌላዋ «ብቻዋን ትታችኋት ወጥታችሁ ነው» ብላ ትራሴ ሥር ቢላ ሸጎጠች። ማታ ቢላውን እያሰብኩ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ራሴ አውጥቼ ጓዳ መለስኩት።

80 ቀን ሳይሞላኝ ቤተ ክርስቲያን አልገባም። ከአልጋዬ ሆኜ «እመብርሃን፣ እኔን የሚጠይቀኝ አንድ ሰው ላኪልኝ» አልኩ። የመጣው ሁሉ የሚለው «ጠባች ወይ? ተኛች ወይ?» ነበራ።

በ45ኛው ቀን ለክትባት ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ልጅቷን ወጋች፣ ካርዱን ጻፈች፣ ከዚያ ቀና ብላ «አንቺስ? ትተኛለሽ?» አለችኝ። ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ። በሩን ዘጋችው፤ ውጭ ሰልፈኛው ያጉረመርማል። ከወለዱ በኋላ ሆድ መባባት ያለ ነው፣ በ2 ሳምንት ካልለቀቀ ግን ሕመም ነው፣ ይታከማል አለችኝ። ሪፈር ጻፈችልኝ። «የአእምሮ ሕክምና» የሚለውን ሳነብ «አበድኩ እንዴ?» ብዬ ደነገጥኩ።

እናቴ «ጸበል ነው የሚሻላት» ብላ ድርቅ አለች። የገላገሉን ንስሐ አባታችን ናቸው። ሲራክ 38ን ገልጠው አነበቡላት፤ ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ወደ እኔ ዞረው «ጸበሉንም ጠጪ፣ ኪኒኑንም ዋጪ» አሉኝ።

ዶክተሯ እያጠባሁ ልወስደው የምችል ሰርትራሊን የሚባል ኪኒን አዘዘችልኝ። ለውጡ ሳምንታት ይወስዳል ብላኝ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም የለም፤ ልተወው ሁሉ ብዬ ነበር።

በ80ኛው ቀን ልጄ ክርስትና ተነሣች። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቡና ሲቆላ መኝታ ቤት ሆኜ ሸተተኝ። ልጄን እቅፍ አድርጌ አለቀስኩ፤ ይሄኛው ለቅሶ ሌላ ነው።

ኪኒኑን ገና አልጨረስኩም። እናቴ ከጸበሉ ጀሪካን ጎን ነው የምታስቀምጠው። ማታ ማታ «ዋጥሽው?» ትለኛለች።