የሴልሱስ ቤተ መጻሕፍት ከፊቱ ጀርባ

በዛሬዋ ቱርክ ወዳለችው ጥንታዊት ከተማ ኤፌሶን የገባሁት በላይኛው በር ነው። በታችኛው በር የሚገባ ሰው ዳገቱን በፀሐይ ይወጣል። የኩሬቴስ ጎዳና የተነጠፈበት እብነ በረድ በእግር ብዛት ተሞርዷልና የሚይዝ ሶል ያለው ጫማ ያስፈልጋል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ይገጥማል። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት መድረስ ይሻላል፤ የጥንቱ የሮማ የሕንፃ ባለሙያ ቪትሩቪየስም መጻሕፍት ቤት ወደ ምሥራቅ ይዙር ያለው ለንባብ ብርሃን እንዲገኝና መጽሐፉ እንዳይሻግት ነው።

ጎብኚው ሁሉ ደረጃው ላይ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። ይህ ፊት ግን ኦስትሪያውያን አርኪዮሎጂስቶች በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) ከፍርስራሽ ለቅመው ያቆሙት ነው። ጥበብን፣ በጎነትን፣ ማስተዋልንና ዕውቀትን የሚወክሉት አራት ሐውልቶችም ቅጂ ናቸው፤ ዋናዎቹ ቪየና ይገኛሉ። ወለሉን ዝቅ ብሎ ላየው መሐሉ በትንሹ ጎበጥ ብሏል፤ የመሐል ዓምዶቹም ከዳር ካሉት ይተልቃሉ። ቦታው ጠባብ ነበርና ሰፊ ለማስመሰል የተሠራ ዘዴ ነው።

ለእኔ ቁም ነገሩ ያለው ውስጥ ነው። በግድግዳው ላይ የፓፒረስ (ከደንገል የሚሠራ ወረቀት) ጥቅልሎች ቁም ሣጥን የሚገባባቸው ጉድጓዶች ተደርድረዋል፤ የጥቅልሉ ብዛት 12,000 ያህል እንደነበር ይገመታል። ግድግዳው ድርብ ነው፤ በመካከሉ ሰው የሚያልፍበት ክፍተት አለ። እርጥበት ከውጭው ግድግዳ ዘልቆ ፓፒረሱን እንዳያበሰብስ አየር የሚዘዋወረው በዚያ ነው። ከአዳራሹ በታች በ92 ቆንስል (የሮማ ከፍተኛ ሹም) የነበረው ሴልሱስ ራሱ ተቀብሯል። ሕንፃውን ያስጀመረው ልጁ አኲላ ለመጽሐፍ መግዣና ለእድሳት 25,000 ዲናር ትቶ ሞተ፤ የጨረሱት ወራሾቹ ናቸው። እንደ ሴልሱስ ከተማ ውስጥ መቀበር ለጥቂቶች ብቻ የሚፈቀድ ክብር ነበር።

አዳራሹ በ3ኛው ክፍለ ዘመን በእሳት ጋየ። ፊቱ ብቻውን ቀርቶ፣ ከፊቱ ገንዳ ተሠርቶለት የውኃ ጌጥ ሆነ፤ በመጨረሻም በመሬት መንቀጥቀጥ ወደቀ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ላይ 50,000 የብር ሳንቲም የሚያወጡ የአስማት መጻሕፍት የተቃጠሉት እዚችው ከተማ ነው፤ ይህ ቤተ መጻሕፍት ግን ያኔ ገና አልተሠራም ነበር። ሕዝቡ በጳውሎስ ላይ የጮኸበት ቲያትር ግን አለ፤ በእብነ በረዱ ጎዳና ጥቂት ተጉዞ ይደረሳል፤ ወደ ታችኛው በር መውጫም በዚያው ነው።