ከነጠረች አውሮፕላን ስር

ሥራዬ የትንንሽ ማሰልጠኛ አውሮፕላኖች ጥገና ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴስና 172 ማኮብኮቢያውን ስትመታ የሃንጋሩ በር ላይ ቆሜ ነበር። ድምፁ እኔ ዘንድ ደረሰ።

በኋላ እንደነገሩኝ ፍጥነቷ በዝቶ ነበር። ይህች አውሮፕላን ለማረፍ ስትቃረብ 65 ኖት (በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር) ገደማ ይበቃታል። ከዚያ ብዙ ካለፈች ክንፏ መሬት አጠገብ ደርሶም መሸከሙን ስለማይተው ማኮብኮቢያው ላይ ትንሳፈፋለች እንጂ አትቀመጥም። ተማሪው መጠበቅ አቃተውና መሪውን ወደ ፊት ገፋ። የፊት ጎማው ቀድሞ መታ፣ ነጠረች። እንደገና ገፋ፤ ሁለተኛው ምት ከመጀመሪያው ባሰ። የፊት እግር የሚሰበረውና ፕሮፔለር አስፋልት የሚነካው ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ነው። አስተማሪዋ እስከዚያ አልጠበቀችም። መሪውን ተቀብላ ለሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሰጠች፣ ዞራ መጥታም በሰላም አሳረፈቻት።

«ጋሼ፣ ምንም አልሆነችም፤ በራሷ ጎማ ነው እኮ የመጣችው» አለኝ ልጁ። ፊቱ ገርጥቶ ነበር። አስተማሪዋ ግን ገና ከመውረዷ መዝገቡን ከፍታ እየጻፈች ነበር። እንዲህ ያለ ሰው እወዳለሁ።

ከውጭ ሲታይ ልጁ እውነቱን ነው። መጀመሪያ ያየሁት ፕሮፔለሩን ነው፤ ጫፉና መሬቱ መካከል ያለው ክፍተት 30 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጫፎቹን በጣቴ ዳሰስኳቸው፣ ጭረት የለም። ቢነካ ኖሮ ሞተሩ ተፈትቶ ውስጡ መመርመር ነበረበት፣ ድምፁ ጤነኛ ቢሆን እንኳ። ከዚያ በጀርባዬ ተኝቼ ጭንቅላቴን በፔዳሎቹ መካከል አስገባሁና ባትሪ አበራሁ። ሞተሩን ከአብራሪው ክፍል የሚለየው የብረት ግድግዳ፣ የፊት እግሩ የታሰረበት ቦታ ላይ ተሸብሽቧል። ሽብሽቡ የጣት ርዝመት አይሞላም። ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ አጠገቡ ያለ አንድ ሪቬት (ብረቶቹን የሚያያይዘው ሚስማር) ላልቷል።

የኋላ ጎማዎቹ እግሮች እንዲለመጡ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ክብደቱን የሚቀበሉትም እነሱ ናቸው። የፊት እግር ለዚህ አልተፈጠረም፤ የተመታውን በቀጥታ ወደዚያ ቀጭን ግድግዳ ያሳልፋል። የመውረጃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ አካሏ መዋጥ ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል።

ልጁን ጠርቼ አሳየሁት። ብዙ ሳይናገር እጁን ዘርግቶ ሽብሽቡን ነካው። አልተቆጣሁትም፤ መንጠር ማንኛውንም ተማሪ ያጋጥመዋል። የሚያስቆጣኝ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ በየ100 የበረራ ሰዓቱ በሚደረገው ምርመራ ላይ ተመሳሳይ ሽብሽብ ሳገኝ መዝገቡ ላይ አንድም ቃል አልነበረም። አንድ ሰው አውሮፕላኗን አቁሞ፣ ቁልፉን መልሶ ሄዷል። ከእሱ በኋላ ስንት ተማሪ ብቻውን እንደወጣባት ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

አውሮፕላኗ እስክትጠገን ከበረራ ወጥታለች። ለምታርፉ ሁሉ የምለምነው ይህን ነው፦ ከነጠራችሁ አፍንጫዋን አትግፉ፤ ሙሉ ጉልበት ስጡና እንደገና ዙሩ። ስትወርዱ «ከባድ ማረፊያ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደነካ፣ ስንት ጊዜ እንደነጠረች፣ ወደ ጎን ተንሸራትታ እንደነበር ጻፉልኝ። ከየት እንደምጀምር የማውቀው በዚያ ነው።